የታመመ ሕፃንን ስለ መመልከት

የታመመ ሕፃን ይዛ የመጣች እናት ገና ወንበር ሳትይዝ የምትነግረኝ የመጀመሪያው ነገር አብዛኛውን ጊዜ ትኩሳቱ ነው። «ሲስተር፣ ሌሊቱን ሲነድ አደረ» ትለኛለች፤ እጄንም ይዛ ወደ ግንባሩ ታስጠጋዋለች። ትኩሳት በእጅ የሚዳሰስ፣ ለጎረቤትም የሚነገር ምልክት ስለ ሆነ ቤተ ሰቡን ሁሉ ያስጨንቃል፤ እኔ ግን ሕፃናትን በማስታመም ሥራ ከቆየሁበት ዘመን ሁሉ የተማርሁት ዋና ነገር፣ ለሕይወት የሚያሰጋው ደዌ ራሱን የሚገልጠው ከሰውነት ሙቀት ይልቅ በአተነፋፈስ፣ በመጥባትና በመጠጣት፣ በንቃትም መለወጥ መሆኑን ነው። ይህን ስል ትኩሳት ይናቅ ማለቴ አይደለም፤ በቆላው አገር ወባ ስላለ ትኩሳት የያዘው ሕፃን ሳይውል ሳያድር ደሙ መመርመር አለበት፤ አንገቱ የደነደነ ወይም እርግብግቢቱ ያበጠ ሕፃንም ማጅራት ገትር ይዞት እንደ ሆነ ስለሚያሰጋ አንዲት ሰዓት እንኳ ሊዘገይ አይገባውም። ነገር ግን ትኩሳቱ 39 ዲግሪ ደርሶ ዙሪያውን ከሚያይና ከእናቱ እጅ ዳቦ ከሚነጥቅ የሁለት ዓመት ልጅ ይልቅ፣ ሰውነቱ ቀዝቀዝ ብሎ ጡት የተወ የሁለት ሳምንት ጨቅላ እጅግ አብልጦ ያስፈራኛል።

ስለዚህ የዚህ ሙያ መጀመሪያው በትዕግሥት መመልከት ነው፤ ይህም ሲናገሩት የቀለለ፣ ሲሠሩት ግን የከበደ ነው። ሕፃኑ በእናቱ ጭን ላይ እንዳለ፣ እጅ ሳይነካው አስቀድሞ ማየት ያስፈልጋል፤ ነጭ ልብስ የለበሰ እንግዳ የዳሰሰው ሕፃን ወዲያው ያለቅሳልና፣ ካለቀሰም በኋላ ከአተነፋፈሱ የምንማረው እውነት የለም። በአገራችን ልማድ ደግሞ የታመመ ልጅ ከብርድ፣ ከምችና ከሰው ዓይን ይጠበቅ ዘንድ በሹራብ፣ በነጠላና በጋቢ ተደራርቦ ተጠቅልሎ ስለሚመጣ፣ ደረቱን ለማየት እናቲቱን ማስፈቀድ፣ መስኮቱንም መዝጋት፣ ለምን እንደሚገለጥ ማስረዳትም ይገባል። የመስኮቱ መዘጋት ለሕክምናው የሚጨምረው ነገር ባይኖርም የእናቲቱ ልብ ሲያርፍ ሕፃኑም አብሮ ያርፋልና፣ አዲስ የሚመጡ ተማሪዎችን ከማዳመጫ አያያዝ አስቀድሜ የማስተምራቸው ይህንኑ ነው።

ከዚያ በኋላ የደረቱን ወይም የሆዱን መነሣትና መውረድ እያዩ አንድ ሙሉ ደቂቃ መቁጠር ነው። ከ2 ወር በታች ላለ ጨቅላ በደቂቃ 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከ2 ወር እስከ 12 ወር ላለ 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ12 ወር እስከ 5 ዓመት ላለ ደግሞ 40 እና ከዚያ በላይ የሆነ ትንፋሽ ፈጣን ይባላል። ግማሽ ደቂቃ ቆጥሮ በሁለት ማባዛት የሚወዱ አሉ፤ ነገር ግን የጨቅላ ትንፋሽ ወጥነት ስለሌለው፣ ለጥቂት ቅጽበት ቆም ብሎ ተከትሎ ስለሚፈጥን፣ የግማሹ ቁጥር ለሙሉው ምስክር ሊሆን አይችልም፤ በጨቅላው ላይ 60 እና ከዚያ በላይ ከተቈጠረም እንደ ገና መቁጠር ሥርዓት ነው። ከቁጥሩም ጋር የታችኛውን ደረት ማየት ያሻል፤ ሕፃኑ አየር ሲስብ ደረቱ መነፋት ሲገባው ከጎድኑ በታች ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ ከሆነ፣ ወይም ሳያለቅስ እንዲያው ረጋ ብሎ ሳለ ትንፋሽ በሳበ ቁጥር ጉሮሮው ሲጮኽ የሚሰማ ከሆነ፣ ነገሩ የጉንፋን ነገር አይደለም። ደጅ ላይ ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ሲያጉረመርም አንዲት ደቂቃ እጅግ ረዥም መስላ ትታያለች፤ እኔ ግን በዕለት ሥራዬ ውስጥ ከእርሷ የከበረች ደቂቃ አላውቅም።

ጉንፋን ያልያዘው ሕፃን የለም። አፍንጫው ቢዘጋም፣ ሳሉ እንቅልፍ ቢነሣም፣ ትንፋሹ ያልፈጠነ፣ የሚጠባና የሚጫወት ሕፃን አፍንጫውን ከመጥረግና ለብ ያለ መጠጥ ከማጠጣት በቀር ሌላ መድኃኒት አያሻውም፤ ከ6 ወር በታች ከሆነ ደግሞ መጠጡም መድኃኒቱም የእናቱ ጡት ነው። ከጎረቤት ተለምኖ በግማሽ የተሰጠ የፀረ ተሕዋስያን እንክብል ለጉንፋን አይፈይድም፤ ይልቁንም ተሕዋስያኑ መድኃኒቱን እየለመዱት ሲሄዱ፣ በእውነት በሚያስፈልግበት ቀን ኃይሉን አጥቶ ይገኛል። ትንፋሹን ያፈጠነው የሳንባ ምች ሲሆን ግን መድኃኒቱ ሳይዘገይ ካልተጀመረ ሕፃኑ በጥቂት ቀን፣ አንዳንድ ጊዜም በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይደክማል። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር ሴቶች ሠራተኞችን በየቀበሌው ሲያሰማራ፣ እነዚያ ሴቶች የሳንባ ምች የያዘውን ሕፃን ወደ ጤና ጣቢያ ከመላክ በቀር መድኃኒት ይሰጡ ዘንድ አልተፈቀደላቸውም ነበር፤ በ2002 ዓ.ም. ግን ይህ ተፈቀደ፤ ትንፋሽ መቁጠርን የተማረችው የጤና ኬላ ሠራተኛ መድኃኒቱን በእጇ ያዘች። ጤና ጣቢያው የግማሽ ቀን መንገድ ለሆነበት ቤት ይህ ምን ያህል ታላቅ ነገር እንደ ሆነ፣ ልጅ አዝሎ ያንን መንገድ የሄደ ሰው ያውቀዋል።

የተቅማጥ ነገር ደግሞ ከዚህ የተለየ ጠባይ አለው። በተቅማጥ ጊዜ ሕፃኑን የሚገድለው ከሰውነቱ የሚፈስሰው ውሃና ጨው ሆኖ ሳለ፣ «የጠጣው ሁሉ ይወጣልና ይቅርበት» በሚል አሳብ ውሃና ምግብ፣ ባሰ ጊዜም ጡት የሚከለክሉ ቤቶች እስከ ዛሬ አሉ። የፈሰሰውን ለመተካት በውሃ በጥብጠን የምናጠጣውን፣ ለምለም ብለን የምንጠራውን የጨውና የስኳር ዱቄት ሲያዩ ስኳሩ ለጣዕም የገባ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው፤ ነገር ግን ስኳሩ የአንጀት ግድግዳ ጨውን እንዲቀበል የሚያደርግ ነው፤ ጨው ሲገባ ውሃ ይከተለዋል፤ ይህም መግቢያ ተቅማጡ በበረታበት ሰዓት እንኳ አይዘጋም። አንዱ ፓኬት በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ ይበጠበጣል፤ ከ24 ሰዓት በኋላ የተረፈው ይደፋል። ይህ ጥበብ በ1968 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በዳካ የኮሌራ ምርምር ቤት በሕሙማን ላይ ተፈትኖ የተረጋገጠ ሲሆን፣ ያን የምርምር ቤት የወረሰው ተቋም ከዓመታት በኋላ በአገራችን የሕፃናት ሐኪም በፕሮፌሰር ደምሴ ሀብቴ ዲሬክተርነት ተመርቷል፤ ይህን ባሰብሁ ቁጥር ልቤ ደስ ይለዋል።

በተቅማጥ የሚታየው ምልክት ማስተዋልን ይጠይቃል። ብርጭቆ ሲያይ እየተስገበገበ የሚጠጣውን ሕፃን አይተው «ተሽሎታል፣ ይጠጣል» የሚሉ አሉ፤ ነገር ግን ይህ ጥማት፣ በተለይ ልጁ ነጭናጫ ሆኖ ዓይኑ የጎደጎደ እንደ ሆነ፣ ሰውነቱ መድረቅ መጀመሩን የሚናገር ነው። ከዚህ የባሰው ደግሞ ጥማቱ ራሱ ጠፍቶ፣ ልጁ ፈዞ፣ መጠጣት አቅቶት ሲታይ ነው። በእምብርቱና በጎኑ መካከል ያለው የሆዱ ቆዳ በሁለት ጣት ተይዞ ሲለቀቅ ወደ ቦታው ለመመለስ ከ2 ሰከንድ በላይ ከቆየ፣ የቤት ውስጥ ማጠጣት ብቻውን አይበቃውምና እየተጎነጨ ወደ ሕክምና ቤት ይሂድ፤ በምግብ እጥረት እጅግ በከሳ ልጅ ላይ ግን ቆዳው ያለ ድርቀትም ቀስ ብሎ ስለሚመለስ ይህ ምልክት ያሳስታል፤ ስለዚህ ለብቻው አይታመንም። ያስመለሰው ልጅ 10 ደቂቃ ያህል ታግሠው እንደ ገና በማንኪያ ቀስ እያሉ ቢያጠጡት አብዛኛው በሆዱ ይቀራል። ከለምለሙ ጋር የሚሰጠው የዚንክ እንክብል፣ ከ6 ወር በታች ለሆነው ግማሹ፣ ለበለጠው ሙሉው፣ ተቅማጡ በሦስተኛው ቀን ቢቆምም እስከ 10 ቀን ሊሰጥ ይገባል። ሰገራው ደም ከቀላቀለ ግን ለምለምና ዚንክ ብቻ አይበቁም፤ መመርመር አለበት።

ስለ ጆሮ፣ ስለ ኩፍኝና ስለ ጉሮሮ በአጭሩ ልናገርና ልለፍ። ምግል በሚያፈስስ ጆሮ ውስጥ ዘይት ወይም የቅጠል ጭማቂ አይንጠብ፤ ከጆሮው ኋላ ያለው አጥንት አብጦ ሲነካ የሚያም ከሆነም በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ነው። ኩፍኝ የያዘውን ልጅ ጨለማ ቤት አስተኝቶ ከመጠበቅ ይልቅ ቫይታሚን ኤ እንዲያገኝ ማድረግ ዓይኑንም ሕይወቱንም ይጠብቃል፤ ክትባቱም በ9 ወርና በ15 ወር ሁለት ጊዜ መሆኑ አይረሳ። እንጥል ማስቆረጥና የወተት ጥርስ ማስነቀል ደም ከማፍሰስና ቁስል ከማመርቀዝ በቀር ያዳኑት ሕፃን የለም። በትምህርት ቤት ዕድሜ ያለ ልጅ የቶንሲል ሕመም ሲደጋግመው ግን ችላ አይባል፤ ያልታከመ የጉሮሮ ቁስለት ከጊዜ በኋላ የልብን በሮች ሊያበላሽ እንደሚችል፣ በየሆስፒታላችን ተኝተው የምናያቸው የልብ ሕሙማን ወጣቶች ይመሰክራሉ።

ልጅ ሲያንቀጠቅጠው ቤቱ በሙሉ ይጮኻል፤ አንዱ ክብሪት ጭሮ ያስሸትተዋል፣ ሌላው ማንኪያ በጥርሱ መካከል ይሰካል። ሁለቱም አይረቡም፤ ማንኪያው እንዲያውም ጥርስ ይሰብራል። በጎኑ አስተኝቶ፣ አንገቱን ከጠበቀ ልብስ አላቅቆ፣ በአፉ ምንም ሳይጨምሩ መጠበቅና ወዲያው ወደ ሕክምና ቤት ይዞ መሄድ ነው። አብዛኛው በትኩሳት የሚመጣ መንቀጥቀጥ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ያልፋል፤ ነገር ግን ያለፈው የወባ ወይም የማጅራት ገትር መሆን አለመሆኑን ቤት ተቀምጦ መለየት አይቻልም።

አሁን ከሁሉ ይልቅ ልቤ ወደሚያዘነብልበት ነገር፣ ስለ ጨቅላው ወደ መናገር ልምጣ። ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ክርስትና እስኪነሡ ድረስ አራሷ ከቤት ሳትወጣ የምትቆይበት የአባቶቻችን ልማድ ክቡር ልማድ ነው፤ እናቲቱ ታርፋለች፣ ገንፎዋን ትበላለች፣ ሕፃኑም ከብዙ እንግዳ ትንፋሽ ይጠበቃል። ነገር ግን ከሰው ልጅ የሕፃንነት ዘመን ሁሉ ለሞት የቀረቡት ሳምንታት እነዚሁ ናቸው፤ ደዌውም በዚህ ዕድሜ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይመጣል። ጨቅላው ላይስል ይችላል፣ ላያለቅስም ይችላል፤ ጡት ሲሰጡት እንደ ቀድሞው አይስብም፣ ካልነኩት አይንቀሳቀስም፣ ሙቀቱ 37.5 ዲግሪ ይደርሳል ወይም ከ35.5 በታች ይወርዳል፣ እምብርቱ ዙሪያውን ይቀላል ወይም ምግል ያወጣል፣ የእጁ መዳፍና የእግሩ ውስጥ ቢጫ ይሆናል። ከእነዚህ አንዱ እንኳ ቢታይ ቀጠሮ የለውም።

አንዲት አያት ስለ ልጃቸው ልጅ ሊያማክሩኝ ብቻቸውን መጥተው፣ ሕፃኑን ለምን እንዳላመጡት ብጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ ክርስትና ያልተነሣ ልጅ እንዴት ተብሎ ደጅ ይወጣል?» አሉኝ። እኔም «እማማ፣ ሕፃኑ ለሞት ቢያሰጋ ቄሱ 40 ቀን እስኪሞላው ይጠብቃሉ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ኧረ በጭራሽ፣ ያን ጊዜውኑ ያጠምቁታል እንጂ!» አሉ፤ ጥቂትም ዝም ብለው ተነሡና፣ ከሰዓት በኋላ ከአራሷና ከሕፃኑ ጋር ተመለሱ። ቤተ ክርስቲያን በአደጋ ላይ ላለ ሕፃን ቀኑን የምታሳጥር ከሆነች፣ እኛ በቤታችን ያንኑ ቀን እየቈጠርን ሕፃኑን ከሕክምና የምናስቀርበት ምክንያት ከሥርዓቷ የተገኘ አይደለም።

ጠበልንም ስለሚመለከት፣ ልጃቸውን ጠበል ለመውሰድ የሚሹ ወላጆችን የምከለክል አይደለሁም፤ እኔም የማምን ነኝና። የምለምናቸው የተጀመረው መድኃኒት እንዳይቋረጥ፣ ልጁም ምግብና ጡት እንዳይከለከል ብቻ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ከቅዱሳት መጻሕፍት ጋር የምትቈጥረው መጽሐፈ ሲራክ ስለ ባለ መድኃኒት ክብር የሚናገር ምዕራፍ አለው፤ ይህን የሚያስተምሩ ካህናት ባሉበት አጥቢያ ሕሙማን ቀድመው እንደሚመጡ በሥራዬ አይቻለሁ። የንስሐ አባት «ሂዱ» ያሉት ቤተ ሰብ የእኔ ምክር በሳምንት የማያስነሣው ሆኖ ሳለ በዚያው ቀን ይነሣል።

አባቶች ሆይ፣ አማቶችም ሆይ፣ ቃሌ በተለይ ለእናንተ ነው፤ በብዙ ቤት የመሄድና የመቅረት ፈቃድ፣ የመኪናውም ኪራይ በእጃችሁ ነውና። ሕፃን በቤታችሁ ካለ ለዚህ ነገር የሚሆን ጥቂት ገንዘብ ለብቻው አኑሩ፤ የቅርቡ ጤና ኬላና ጤና ጣቢያ የት እንደ ሆነ፣ በሌሊት ማን መኪና እንዳለው ሳይታመም ጠይቃችሁ ዕወቁ። እናቲቱ «ልጄ ጡት እምቢ አለኝ» ወይም «ልጄ ደህና አይመስለኝም» ባለች ጊዜ «እስኪ እስከ ነገ እንየው» አትበሏት፤ ልጇን ከማንም አብልጣ የምታውቅ እርሷ ናትና። ሌሊትም ቢሆን ተነሡ፤ ጨቅላ ከሆነ በባዶ ደረቷ ላይ ገላ ለገላ አስጠግታ ከላይ በጋቢ ትሸፍነው፤ መጥባት ከቻለ በየመንገዱ ታጥባው፤ እናንተም አብራችኋት ሂዱ።