«ልቅ ግጦሽ» ስለሚለው ቃልና ስለ ባሌ ከብት አርቢ

ስለ ባሌ ደጋ ከብት ርባታ የሚጻፈውን ጥናት፣ የእኛን የተማሪዎቹንም ጭምር፣ የሚያነብ ሰው «ልቅ ግጦሽ» የሚለውን ቃል ደጋግሞ ያገኛል። ቃሉ በሽታውንም መድኃኒቱንም ባንድነት የሚናገር ይመስላል፤ ልቅ ከሆነ ይታሰር፣ ከታሰረ በኋላ በተሻለ ዝርያ ይተካ፣ ነገሩም በዚሁ አለቀ ማለት ነው። እኔ በበኩሌ ይህ ቃል ለባሌ አይስማማም እላለሁ።

የባሌ ኦሮሞ ከብቱን የሚያዘዋውርበት የቆየ ልማድ ጎዳንቱ ይባላል። በታችኛው አገር ማሳው በሰብል ሲሸፈን ከብቱ ወደ ከፍተኛው ግጦሽ ይወጣል፤ ሰብሉ ሲነሣ ይመለሳል። በበጋው ሐሩር ወደ ደኑ ጥላ የሚሄድም አለ። በየጊዜውም ከብቱን ሆራ ወደሚባለው ማዕድናም ምንጭ ወስደው ያጠጡታል። እንግዲህ ወርና መንገድ፣ መሄጃና መመለሻ ያለውን ነገር ልቅ ማለት እንዴት ይቻላል?

የመመለሻው መንገድ ግን ጠቧል። መሬት በ1967 ዓ.ም. የመንግሥት ከሆነ በኋላ በሲናናና በሮቤ ዙሪያ በትራክተር የሚታረስ የመንግሥት እርሻ ተስፋፋ፤ የገበሬውም የስንዴ ማሳ እየሰፋ ሄደ። ባሌ «ገና» እና «ቦና» የሚባሉ ሁለት የአዝመራ ወራት ስላሉት (ይህ ገና ከልደት በዓል ጋር ዝምድና የለውም) ሁለት ጊዜ በሚዘራ ማሳ ላይ ከብት ቃርሚያ የሚግጥበት ጊዜ አጭር ነው። በዚህ ላይ ኮምባይነሩ መጣ፤ ቀድሞ በአውድማ ተሰብስቦ ይከመር የነበረውን ገለባ በማሳው ላይ በትኖት ይሄዳል። ከታች ሣሩን ያጣው ከብት ወደ ላይ ወጣ፤ ጥቂት ወራት ብቻ ይቀመጥ የነበረውም ዓመቱን ሙሉ እዚያው ቀረ። ለከብት ጠባቂው ማረፊያ የነበረው ጎጆም መንደር ሆነ።

ይህን ስል ከብቱ በሳነቴ አምባ ላይ ይክረም ማለቴ አይደለም። ከ4,000 ሜትር በላይ በሆነ ውርጫማ ስፍራ ሣር ቶሎ አያገግምም። ከከብቱ ጋር የሚወጣውም ውሻ የእብደት በሽታን ወደ ቀይ ቀበሮ ያስተላልፋል፤ በ1980ዎቹ መጀመሪያ በዚሁ በሽታ ብዙ ቀበሮ አልቋል። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1962 ዓ.ም. የተመሠረተ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የገባ ነው፤ መጠበቁ የሚያከራክር አይደለም። የሚያከራክረው፣ ከታች ያለው ማሳ ሳይነሣ ከላይ ያለው አርቢ ብቻውን ጥፋተኛ መሆኑ ነው።

ለአርቢው ስለሚሰጠው ድጋፍም የምለው አለኝ። የተዳቀለች ጊደር ግቢና መኖ ላለው፣ ወተቱንም በየዕለቱ ለሚሸጥ የሮቤና የጎባ ነዋሪ መልካም ነገር ናት። ከዲንሾ በላይ ላለው አርቢ ግን፣ የሚያበላት ከወዴት ያመጣል? ለእርሱ የሚረዳው ገለባውን ሰብስቦ የሚያስር መሣሪያ፣ በማሳ ዳር የሚዘራ አጃና ጓያ መሰል መኖ፣ ወደ ሆራው የሚያደርስ ያልታረሰ መንገድ፣ እስከ ጎጆው የሚወጣ የከብትና የውሻ ክትባት ነው።

የእኛም መጠይቅ ከነቀፋ አያመልጥም። የመጀመሪያው ጥያቄ ሁልጊዜ «ስንት ከብት አለህ?» የሚል ነው። ባለከብት የሆነ ሰው ይህን ሲጠየቅ ደስ አይለውም፤ ስለዚህ አሳንሶ ይነግረናል፣ እኛም በሠንጠረዥ እናሰፍረዋለን። «በየትኛው ወር ከብትህ የት ይውላል? ባለፈው ዓመት የዋለበትስ ስፍራ ዘንድሮ ምን ተዘራበት?» ተብሎ ቢጠየቅ ግን አርቢው ብዙ የሚነግረን አለው።