ከምድጃው ግርጌ ያለው አሸዋ

ከፒትስበርግ ትንሽ ወጣ ብሎ በሞኖንጋሂላ ወንዝ ዳር «ካሪ» የሚባሉ ሁለት የብረት ማቅለጫ ምድጃዎች ቆመዋል። እ.ኤ.አ. በ1907 ተሠርተው ቁመታቸው 28 ሜትር ያህል ነው። የሚያያቸው ሁሉ አንገቱን ቀና አድርጎ ይገረማል። የእኔን ዓይን የሚስበው ግን ከግርጌያቸው የተነጠፈው አሸዋ ነው።

እንዲህ ያለ ምድጃ ከላይ የብረት ማዕድን፣ የተጠበሰ የድንጋይ ከሰልና የኖራ ድንጋይ ይጎርሳል፤ ከታች የጋለ አየር ይነፋበታል። ጊዜው ሲደርስ የሸክላ ውታፉ ይበሳና የቀለጠው ይወርዳል። ብረቱና ቆሻሻው ግን የሚወጡት በአንድ ላይ ነው። ባለሙያዎቹ በአሸዋው ላይ ቦይ ይቀድዱና አግድም ግርዶሽ ያቆሙበታል፤ ከሥሩ ክፍተት ይተዋሉ። ከባዱ ብረት በክፍተቱ ሾልኮ ያልፋል፤ ቀላሉ ቆሻሻ ተንሳፍፎ ይታገድና በጎን ወደተቀደደለት ቦይ ይሄዳል። ግርዶሹ ከልክ በላይ ከፍ ቢል ቆሻሻው ከብረቱ ጋር ይሾልካል፤ ዝቅ ቢል ብረቱ ይታገዳል። የእሳት ወንዝን በዚህች ልክ መክፈል! ከዚህ የሚያምር ብልሃት አላየሁም።

አሸዋው ደግሞ በደንብ መድረቅ አለበት፤ እርጥበት ከቀረበት የቀለጠው ብረት ሲነካው ይፈነዳል። ከእያንዳንዱ ፈሰስ በኋላ ቦዩ ተጠርጎ፣ ተጠግኖ፣ ተለቅልቆ ለሚቀጥለው ይዘጋጃል። ልምድ ያለው ሠራተኛ የሚፈናጠረውን ብልጭታ አይቶ ብቻ የብረቱን ጠባይ ይናገር ነበር።

ብረቱ እንደቀለጠ በባቡር ድልድይ ወንዙን ተሻግሮ ሆምስቴድ ፋብሪካ ይገባ ነበር፤ እዚያ ብረት አረብ ብረት ይሆን ነበር። ፋብሪካውን አንድሩ ካርኔጊ በ1883 ገዝቶት ነበር። በሐምሌ 1892 ግን የፋብሪካውን ባለሙያዎች ማኅበር ለመስበር ታጣቂ ዘበኞች በጀልባ ተልከው ወንዙ ዳር ደም ፈሰሰ፤ ማኅበሩም ተሸነፈ። እጃቸው ያን ያህል የሚያውቅ ሰዎች እንዲህ መስተናገዳቸው እስከዛሬ ያሳዝነኛል።

ከዚያ በኋላ ፋብሪካው ለአሥርት ዓመታት አደገ። ውሎ አድሮ ከውጭ የሚገባው ብረትና በኤሌክትሪክ የሚያቀልጡ አዳዲስ ፋብሪካዎች በለጡት። ካሪ በ1978 ቀዘቀዘ፤ ሆምስቴድ በ1986 ተዘጋ። በቦታው ዛሬ የገበያ ማዕከል አለ፤ ከፋብሪካው 12 ጭስ ማውጫዎች ተሰልፈው ቀርተዋል። ሁለቱ ምድጃዎች ከ2006 ጀምሮ ብሔራዊ ቅርስ ናቸው።

ጎብኚዎችን ካስጎበኙት መካከል የቀድሞ ሠራተኞች ነበሩ። አንዱን ባገኝ የምድጃውን ቁመት አልጠይቀውም። ያንን ግርዶሽ ከአሸዋው ስንት ጣት ከፍ ያደርጉት እንደነበር ነው የምጠይቀው።