የሥራ ልክ በማን ሚዛን? «ከዐቅም በታች የሥራ ስምሪት» ስለሚባለው ጥናት ከደሴና ከኮምቦልቻ አኳያ የቀረበ ሂስ

ከደሴ ተነሥቶ፣ ሐረጎን ወርዶ ኮምቦልቻ የሚገባው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። በላይኛው ጫፍ የመምህራን ትምህርት ኮሌጁ፣ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የደሴ ግቢና የወይዘሮ ስሒን ፖሊቴክኒክ ኮሌጅ ይገኛሉ። በታችኛው ጫፍ ደግሞ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው፣ የቢራ ፋብሪካውና በሐምሌ ወር 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ አሉ። ነገሩን በካርታ ላይ ለሚመለከት የፕላን ባለሙያ ሁሉም የተቃና ይመስላል፤ ደሴ ታስተምራለች፣ ኮምቦልቻ ትቀጥራለች። በዚህ መንገድ ጧትና ማታ ከሚመላለሱት ወጣቶች መካከል ግን የተማሩት ሌላ፣ የሚያድሩበት ሥራ ሌላ የሆነባቸው ጥቂቶች አይደሉም።

ይህን ሁኔታ የሥራ አመራር ምሁራን «ከዐቅም በታች የሥራ ስምሪት» ይሉታል። ሥራ አጥነት አይደለም፤ ሰውየው ሥራ አለው፣ ደመወዝም ይቀበላል፤ ሆኖም ሥራው ከትምህርቱ፣ ከልምዱ ወይም ሊሠራ ከሚፈልገው ሰዓት ያንሳል። ስያሜው በሥራ አመራር ትምህርት ዘንድ የጠራ ትርጉም ያገኘው አሜሪካዊው የሥራ አመራር ፕሮፌሰር ዳንኤል ፌልድማን እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጡት ጥናት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ፌልድማን አምስት መለኪያዎችን አቅርበዋል። ሥራው ከሚጠይቀው በላይ የተማረ፣ ሳይወድ ከሠለጠነበት መስክ ውጭ የተሰማራ፣ ከሥራው የሚበልጥ ክህሎትና ልምድ ያለው፣ ሳይፈልግ በከፊል ሰዓት ወይም በጊዜያዊነት የተቀጠረ፣ በመጨረሻም ከቀድሞ ደመወዙ ከመቶ 20 ወይም ከዚያ በላይ ያነሰ የሚከፈለው ሠራተኛ ከዐቅሙ በታች ተሰማርቷል ይባላል። አዲስ ተመራቂ የቀድሞ ደመወዝ ስለሌለው፣ የሚነጻጸረው በአንድ ሙያ አብረውት ከተመረቁት አማካይ ደመወዝ ጋር ነው።

የጥናቱ ውለታ ሊካድ አይገባም። ከዚያ በፊት በየፈርጁ ተበታትኖ የነበረውን ነገር በአንድ ላይ አሰባስቧል። ሥራ ያገኘን ሰው ሁሉ ችግሩ እንደተቃለለለት አድርጎ የሚቆጥረውን የተለመደ አስተሳሰብም ተገዳድሯል። እ.ኤ.አ. በ2011 ፌልድማን ከዳግላስ ሜናርድ ጋር ባዘጋጁት መጽሐፍ ጉዳዩ ከሥነ ልቡና፣ ከኢኮኖሚና ከማኅበራዊ ኑሮ አንጻር በሰፊው ተመርምሯል። ጥያቄ የሚነሣው መለኪያው ከተሠራበት አገር ወጥቶ ወደ ሌላ አገር የፕላን ሰነድ ሲገባ ነው።

በመጀመሪያ አምስተኛውን መለኪያ እንመልከት። በኮምቦልቻ ግቢ በአንድ ሙያ በአንድ ዓመት የተመረቁ ወጣቶች ሁሉ እኩል ዝቅተኛ ደመወዝ የሚያገኙ ቢሆን፣ ከመካከላቸው ከአማካዩ ከመቶ 20 ዝቅ ብሎ የሚገኝ ማንም አይኖርም። በመለኪያው መሠረት እንግዲህ ከዐቅሙ በታች የተሰማራ ተመራቂ አልተገኘም ማለት ነው። ሁሉም አብረው ሲሰምጡ የውኃው ጥልቀት አይታወቅም። መለኪያው የሚያገለግለው ብዙኃኑ ተገቢ ቦታቸውን ይዘው ጥቂቶች በሚጎዱበት ገበያ ብቻ ነው፤ ጉዳቱ የጋራ በሆነበት ቦታ ግን ራሱን ይሰውራል።

የመጀመሪያውም መለኪያ ከዚህ የተሻለ አይደለም። «ሥራው የሚጠይቀው ትምህርት» የሚባለውን የሚወስነው ማን ነው? አሠሪው ነው። አንድ ፋብሪካ ለአንድ የስፌት መኪና ስምንተኛ ክፍል የጨረሰ ይፈልግ ነበር እንበል። አመልካች ሲበዛበት፣ መኪናው ሳይለወጥ፣ ማስታወቂያውን ወደ አሥረኛ ከዚያም ወደ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ከፍ ቢያደርግ፣ ትናንት ከዐቅሟ በታች ስትሠራ የነበረችው ወጣት ዛሬ በልኳ የተሰማራች ሆና ትመዘገባለች። ሮናልድ ዶር እ.ኤ.አ. በ1976 ባሳተሙት መጽሐፍ «የዲፕሎማ በሽታ» ብለው የሰየሙት ይህንኑ ነው፤ ሥራው ባለበት እየቆመ የሚጠየቀው ወረቀት ብቻ ይወፍራል። መምህራን ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል። ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አንድ ጊዜ የአንድ ዓመት ሥልጠና ሰርተፊኬት ይበቃ ነበር፤ ኋላ ዲፕሎማ ተጠየቀ፤ ከዚያም ዲግሪ መጣ። ለውጡ ተገቢ ሊሆን ይችላል። ሆኖም ያው መምህር፣ በዚያው ሰሌዳ ፊት ቆሞ፣ አንድ ጊዜ «ብቁ» ሌላ ጊዜ «ከደረጃ በታች» ሲባል የተንቀሳቀሰው እርሱ ሳይሆን ሚዛኑ ነው።

ወደ አገር ውስጥ ጥናቶች ስንመለስ ደሴ ራሷ ከምስክሮቹ አንዷ ሆና ትገኛለች። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢኮኖሚክስ ትምህርት ክፍል ከስዊድኑ የዮተቦሪ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ ባካሄደው የከተማ ቤተ ሰቦች ጥናት ከተካተቱት ሰባት ከተሞች አንዷ ደሴ ነበረች። ከዚህ ጥናት በተገኘው መረጃ ፒተር ሰርኔልስ የከተማ ወጣት ወንዶችን ሥራ አጥነት መርምረው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2007 አሳትመዋል። ሥራ አጥ ሆነው የተገኙት በአብዛኛው የተሻለ ትምህርት ያላቸው፣ ከዚያ በፊት ሥራ ይዘው የማያውቁ፣ የመንግሥት ሥራ የሚጠብቁና መጠነኛ ኑሮ ካለው ቤት የወጡ ወጣቶች ናቸው። በጥበቃ የሚያሳልፉትም ጊዜ በአማካይ ወደ አራት ዓመት ይጠጋል።

ይህ ግኝት ለፌልድማን መለኪያ ትልቅ ፈተና ነው። አራት ዓመት ተቀምጦ መጠበቅ የሚችለው የሚያበላው ያለው ነው። የሚያበላው የሌለው ያገኘውን ሥራ ይይዛል፤ በመሆኑም «ከዐቅም በታች የተሰማራ» ይባላል። ባለ እኩል ትምህርት የሆኑ ሁለት የአንድ ሰፈር ልጆች በሁለት የተለያዩ መዝገቦች የሚጻፉት በችሎታቸው ተለያይተው ሳይሆን የአባታቸው ጓዳ ስለተለያየ ነው። ሰርኔልስ የመረመሩት ወንዶችን ብቻ መሆኑም እንደ ጉድለት ሊጠቀስ ይገባል። የኮምቦልቻን የስፌት መስመሮች የሞሉት በአብዛኛው ሴቶች ናቸውና፣ የመረጃው ግማሽ አካል ጎድሏል ማለት ይቻላል።

ከዚህ ቀጥሎ የሚነሣው የአንትሮፖሎጂ ባለሙያው ዳንኤል ሜይንስ በጅማ ወጣቶች ላይ ያካሄዱትና እ.ኤ.አ. በ2012 በመጽሐፍ የወጣው ሥራ ነው። የመጽሐፉ ርእስ ራሱ «ተስፋ መቁረጥ» ከሚለው የአማርኛ አነጋገር ቃል በቃል የተወሰደ ነው። ሜይንስ ያሳዩት ሥራ በደመወዝ ብቻ እንደማይመዘን ነው፤ ሥራ ሰውን ከሰው ጋር በሚያኖረው ግንኙነት ይመዘናል። በትውልድ ከተማው ጫማ ማስዋብን ይሉኝታ የከለከለው ወጣት፣ የሚያውቀው ሰው በሌለበት ከተማ ያንኑ ሥራ ሊሠራ ይችላል። ፌልድማን በሁለትና በአራት ቁጥር «ሳይወድ» ያሉት ቃል እዚህ ላይ ይናጋል፤ የሰውየው መውደድና አለመውደድ የሚወሰነው በሥራው ብቻ ሳይሆን ሥራውን ሲሠራ በሚያየው ሰውም ጭምር ነውና። እርግጥ ሜይንስ ጥናታቸውን ያካሄዱት የኢንዱስትሪ ፓርኮች ከመስፋፋታቸው በፊት ስለሆነ፣ ከፋብሪካ በር ውስጥ ያለውን ጉዳይ ከእርሳቸው መጠበቅ አይገባም።

የፋብሪካውን በር የከፈቱት ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመው ጥናታቸው በኢትዮጵያ በሚገኙ አምስት ድርጅቶች ለመቀጠር ያመለከቱ ወደ አንድ ሺህ የሚጠጉ ሰዎችን በዕጣ ከሦስት ከፈሏቸው። አንደኛው ክፍል የፋብሪካ ሥራ ተሰጠው፤ ሁለተኛው 300 ዶላርና የንግድ ሥልጠና አገኘ፤ ሦስተኛው ምንም አልተሰጠውም። ከዓመት በኋላ የፋብሪካ ሥራ የደረሳቸው ሰዎች ገቢ ምንም ካልተሰጣቸው የማይበልጥ ሆኖ ተገኘ፤ አብዛኞቹ በጥቂት ወራት ውስጥ ሥራውን ትተው ነበርና። በአንጻሩ የጤና ችግር ጨመረ። ገንዘብና ሥልጠና ያገኙት ገቢያቸው ከመቶ 33 ከፍ አለ። ተመራማሪዎቹ ከአምስት ዓመት በኋላ ተመልሰው ሲያዩ ግን በሦስቱ ክፍሎች መካከል የነበረው ልዩነት ጠፍቶ አገኙት። ይህን የመጨረሻውን ውጤት የመጀመሪያውን የሚጠቅሱ ሰዎች ብዙ ጊዜ ይዘሉታል።

ከፋብሪካ የሚለቅ ወጣት ሲታይ «የሥራ ባህል የለውም» ማለት በስብሰባ አዳራሾች ተለምዷል። ጥቂት ሰዎች ቢለቁ ኖሮ ይህ አባባል ሊያከራክር ይችል ነበር። በዕጣ የተመረጡ ሰዎች አብዛኞቹ በወራት ውስጥ ሲለቁ ግን መመርመር ያለበት የለቀቀው ሰው ጠባይ ሳይሆን የተለቀቀው ሥራ ነው።

ስለ ሥራ ቦታ ብዝኃነት የሚጻፈው ሌላው የሥራ አመራር ጥናት ክፍል ብዙውን ጊዜ ከዚህ ጉዳይ ተነጥሎ በሌላ ምዕራፍ ይቀመጣል። በኮምቦልቻ ግን ሁለቱ አንድ ጉዳይ ናቸው። ዶራ ላውና ኪት መርኒገን እ.ኤ.አ. በ1998 ያቀረቡት ሐሳብ ለዚህ ጥሩ መሣሪያ ይሆናል። በእነርሱ አባባል በአንድ የሥራ ቡድን ውስጥ ልዩነት መኖሩ ብቻውን ቡድኑን አይሰነጥቅም። የሚሰነጥቀው ልዩነቶቹ እርስ በርሳቸው ሲደራረቡና በአንድ መስመር ሲሰለፉ ነው።

ወሎ በዚህ ረገድ የታወቀ ምሳሌ አለው። በአንድ ቤተ ዘመድ ሙስሊምና ክርስቲያን ይገኛሉ፤ ለቅሶውና ሠርጉ የጋራ ነው። ሃይማኖት ከቋንቋ፣ ከትውልድ መንደርም ሆነ ከሥጋ ዝምድና ጋር አንድ መስመር ስለማይሠራ ስንጥቅ አይፈጥርም። ባለሥልጣናት በየመድረኩ ይህን መቻቻል ለባለ ሀብት እንደ ዋስትና ሲያቀርቡት ይሰማል። ነገር ግን በፋብሪካው ወለል ላይ ልዩነቶቹ የሚሰለፉት በሌላ ሁኔታ ነው። በአንድ በኩል የውጭ አገር ሰው፣ ወንድ፣ በዕድሜ የገፋ፣ አዛዥና የሌላ ቋንቋ ተናጋሪ ይቆማል፤ በሌላው በኩል የአካባቢው ተወላጅ፣ ሴት፣ ወጣት፣ ታዛዥና አነስተኛ ተከፋይ ትቆማለች። ሁሉም ልዩነት በአንድ መስመር ላይ ወደቀ ማለት ነው። የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ የንግድና የሰብአዊ መብት ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2019 ስለ ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ባወጣው ዘገባ የመነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ያህል መሆኑን፣ በዓመት ውስጥም የሚለቀው ሠራተኛ ብዛት በአማካይ ከጠቅላላው ሠራተኛ ቁጥር ጋር እኩል እንደሆነ ገልጿል። በውጭ አገር ኃላፊዎችና በአካባቢው ሠራተኞች መካከል ያለውን አለመግባባትም ዘርዝሯል። ሐዋሳ ኮምቦልቻ አይደለችም፤ የፓርኮቹ አሠራር ግን ከአንድ ቅርጽ የወጣ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 በጾታ፣ በብሔርና በሃይማኖት አድልዎ ማድረግን ይከለክላል። ይሁን እንጂ ሕጉ የሚደርሰው በአድራጎት ላይ እንጂ በአሰላለፍ ላይ አይደለም።

በዚህ ስንጥቅ መካከል የሚገኘው ደግሞ የአካባቢው ተመራቂ ነው። በምህንድስና ዲግሪ ተቀጥሮ የመስመር ተቆጣጣሪ ይሆናል። ትክክለኛ ሥራው ግን የኃላፊውን ቁጣ ለሠራተኞቹ በሚሰማ ቋንቋ፣ የሠራተኞቹን ብሶት ለኃላፊው በሚዋጥ ቋንቋ ማድረስ ነው። የፌልድማን መለኪያ ይህን ሰው «ከሥራው በላይ የተማረ» ብሎ ይመድበዋል። እርሱ ግን የትኛውም ትምህርት ክፍል ያላስተማረውን፣ በሥራ ዝርዝሩም ያልተጻፈውን ከባድ ሥራ ይሠራል። በአንድ ጊዜ ትርፍ የተማረም፣ ያልተማረም ነው። ለሥርዓተ ትምህርት ባለሙያ ከጥናቶቹ ሁሉ ጎልቶ መታየት የሚገባው ይህ ሰው ነበር፤ በአንዳቸውም ውስጥ ግን ስፍራ አላገኘም።

መለኪያው ሥራውን እንደ ቋሚ ነገር መቁጠሩም በኮምቦልቻ አልሠመረም። ከጥቅምት 2014 ዓ.ም. መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ ከተሞቹ በሕወሓት ኃይሎች እጅ በቆዩበት ጊዜ ፋብሪካዎች ተዘርፈዋል። በጥር 2022 እ.ኤ.አ. ደግሞ ኢትዮጵያ ወደ አሜሪካ ገበያ ያለ ቀረጥ ከምታስገባበት ዕድል ወጣች። ተማሪው «ለገበያው እንዲስማማ» የተዘጋጀበት ገበያ ከተማሪው ቀድሞ ሄደ።

ትምህርትን በፋብሪካ ልክ የመስፋት ሐሳብ አዲስ አይደለም። ፊሊፕ ፎስተር የጋናን ትምህርት ቤቶች መርምረው እ.ኤ.አ. በ1965 እንደጻፉት፣ የተማሪን ምኞት የሚመራው የትምህርቱ ይዘት ሳይሆን ከትምህርት በኋላ የሚጠብቀው ደመወዝና ክብር ነው። በ1964 ዓ.ም. የተካሄደው የትምህርት ዘርፍ ጥናትም የተማሩ ሥራ አጦች ይበዛሉ በሚል ስጋት አብዛኛው ሕፃን ከአራት ዓመት ትምህርት በላይ እንዳይዘልቅ የሚያደርግ ዕቅድ አቀረበ። መምህራንና ወላጆች ተቃወሙት፤ በ1966 ዓ.ም. የየካቲት ንቅናቄም አንዱ መነሻ ሆነ። ያን ጊዜ የተማሪው ቁጥር ትርፍ ነው ተባለ፤ ዛሬ የተማሪው ትምህርት ትርፍ ነው ይባላል።

ኮሌጆች ለተመራቂዎቻቸው የሚልኩት የክትትል ቅጽ በተለምዶ ሁለት ነገር ይጠይቃል፤ ሥራ አግኝተዋል ወይ? በሠለጠኑበት ሙያ ነው ወይ? ከላይ የተነሡት ጥናቶች በአንድነት ሲነበቡ ሌሎች ጥያቄዎች ይጨመራሉ። ሥራ ሲጠብቁ ያበላዎት ማን ነበር? ማስታወቂያው የጠየቀው ምን ነበር፣ ዛሬ ከጧት እስከ ማታ የሚሠሩትስ ምንድን ነው? ትእዛዝ የሚቀበሉት በየትኛው ቋንቋ ነው? ለቀው ከሆነ በስንተኛው ወር፣ በምን ምክንያት? እነዚህ ጥያቄዎች በአንድ ገጽ ይጠቃለላሉ፤ ከደሴ ኮምቦልቻ ድረስ ለማድረስም የአንድ ሰዓት መንገድ አይሞላም።