የጠፈርተኛው ፊት

አስፈሪ ኮሚክስ ልጆችን ያበላሻል የሚለው ጩኸት አዲስ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ጉዳዩ እ.ኤ.አ. በ1954 ሴኔት ድረስ ደርሶ ነበር። በዚያው ዓመት የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ፍሬድሪክ ዌርታም ኮሚክስን ከወጣቶች ወንጀል ጋር ያያያዘበትን መጽሐፍ አወጣ። ዌርታም እንዲያው ነገር ፈላጊ አልነበረም፤ ሃርለም ውስጥ ለድሆች ክሊኒክ የከፈተ፣ በትምህርት ቤት ዘርን መለየት ሕፃናትን እንደሚጎዳ ፍርድ ቤት ቀርቦ የመሰከረ ሰው ነው። ማስረጃው ግን ደካማ ነበር። ሊታከሙ የመጡት ልጆች ኮሚክስ ያነባሉ አለ፤ ለመሆኑ በዚያ ዘመን የማያነብ ልጅ ነበር? ማነጻጸሪያ የሌለው ልኬት ምን ይሉታል! በ2012 ካሮል ቲሊ የተባለች ተመራማሪ የልጆቹን ቃል እንደለዋወጠ ከራሱ ማኅደር አሳይታለች።

እኔን የሚገርመኝ ግን ኢ.ሲ. ኮሚክስ በ1953 ያወጣው፣ አል ፌልድስታይን የጻፈውና ጆ ኦርላንዶ የሳለው «የፍርድ ቀን» ነው። ከምድር የተላከ ጠፈርተኛ የሮቦቶችን ፕላኔት ይጎበኛል። ብርቱካንማዎቹና ሰማያዊዎቹ ውስጣቸው አንድ ነው፤ ልዩነቱ ሽፋናቸው ብቻ። ሰማያዊዎቹ ግን ተለይተውና ዝቅ ተደርገው ይኖራሉ። እንግዳው «ገና ናችሁ» ብሏቸው ይመለሳል። በመጨረሻው ሥዕል የራስ ቁሩን ሲያወልቅ ጥቁር ሰው ነው፤ ፊቱ ላይ ላቡ እንደ ከዋክብት ያበራል። (ታሪኩ ትንሽ ስብከት ይበዛዋል፤ ያቺ አንዲት ሥዕል ግን ሁሉን ትክሳለች።)

ለ1956 እትም በድጋሚ ሲቀርብ የኮሚክስ ሳንሱሩ ጠፈርተኛው ጥቁር መሆን የለበትም አለ። ልብ በሉ፤ እዚያ ሥዕል ላይ ደም የለም፣ የተቆረጠ ራስም የለም። አሳታሚው ዊልያም ጌይንስ እምቢ ብሎ እንዳለ አሳተመው። ያ እትም የድርጅቱ የመጨረሻ ኮሚክ መጽሐፍ ሆነ።