ተስፋ ያለውን ሯጭ ቁልቁለት ላይ እዩት

የዞን ውድድር የሚመለከት ሰው ዓይኑ አንደኛ የወጣው ላይ ያርፋል። ለክለብ ልጅ ሊመርጥ ወደ ዋግ፣ ሰቆጣ የመጣ ሰው ግን የሚፈልገው ከአራትና ከአምስት ዓመት በኋላ የሚያሸንፈውን ነው። ዛሬ ያሸነፈው እሱ ላይሆን ይችላል።

መጀመሪያ ሰዓቱን ተዉት። ሰቆጣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,200 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ እዚህ የተመዘገበ የ5,000 ወይም የ10,000 ሜትር ሰዓት አውሮፓ ከተሮጠው ጋር አይወዳደርም። ሜዳው አፈርና ጠጠር ከሆነ ደግሞ ሰዓቱ ስለ ልጁ ከሚናገረው ይልቅ ስለ መሬቱ የሚናገረው ይበዛል።

እግሩን እዩ። ዳገትማ የዋግ ልጅ ሁሉ ይወጣል፤ ሳንባ እንዳለው ይነግራችኋል፣ ከዚያ አያልፍም። ችሎታ የሚለየው ቁልቁለት ላይ ነው። ያልበሰለ ሯጭ ቁልቁለት ሲወርድ ወደ ኋላ ይለጠጥና ተረከዙን እየተከለ ራሱን ያግዳል፤ ጭኑ እዚያው ያልቅና ሜዳው ላይ ሲደርስ እርምጃው ያጥርበታል። ጎበዙ መላ ሰውነቱን በመጠኑ ወደ ፊት ሰጥቶ፣ እግሩን ከሥሩ እያሳረፈ፣ ቶሎ ቶሎ እያነሳ ይወርዳል። ጆሯችሁንም ስጡት፤ ኮቴው ሳይጮህ የሚያልፍ ልጅ ጉልበት አያባክንም። ሲደክመው ትከሻው ወደ ጆሮው ከወጣ፣ ጡጫው ከጠበቀ፣ አንገቱ ከተገተረ ገና ነው፤ ይህ ግን በሥልጠና ይታረማል።

ለየት ያለውን አሯሯጥ ሁሉ እንከን አትበሉት። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ደብተር ይዞ ትምህርት ቤት እየሮጠ ካደገበት ጊዜ የቀረችውን የግራ ክንዱን እጥፋት ሳይለቅ ነው እ.ኤ.አ. በ1996 እና በ2000 የ10,000 ሜትር የኦሊምፒክ ወርቅ ያጠለቀው። እንከን የሚባለው ፍጥነቱን የሚሰርቀው ወይም የሚያቆስለው ብቻ ነው።

ውድድሩን ካያችሁ በኋላ አትሂዱ፤ የልምምድ ቀን ጠብቁ። ቀላል ሩጫ በታዘዘበት ጠዋት ጓደኞቹን ጥሎ ለመሄድ የሚጣደፈው ልጅ እኔን ያስፈራኛል፤ እንዲህ ያለው ብዙ ጊዜ ከጉዳት አይተርፍም። ሰልፉን ይዞ፣ የፊተኛውን ዱካ እየተከተለ፣ እንደታዘዘው ዝግ ብሎ የሚሮጠው፣ በከባዱ ቀን ደግሞ የመጨረሻውን ድግግሞሽ ከመጀመሪያው እኩል የሚጨርሰው፣ እሱን ስሙን ጻፉት።

ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ በ23 ዓመቱ ክለብ የሚያንኳኳውን «አልፎበታል» ብለው የሚመልሱ አሉ። አልስማማም። ትዕግሥት አሰፋ እ.ኤ.አ. በ2016 ሪዮ ኦሊምፒክ ላይ የሮጠችው 800 ሜትር ነበር፤ በ2023 በርሊን ላይ ማራቶንን በ2:11:53 ጨርሳ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረች። መጀመሪያ ያልተመረጠም እንዲሁ አላለፈበትም፤ ታምራት ቶላ ለፓሪስ 2024 ኦሊምፒክ ማራቶን የተያዘው በተጠባባቂነት ነበር። ሲሳይ ለማ በጉዳት ሲወጣ ተተክቶ ገባና በ2:06:26 በኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ወርቁን ወሰደ። የፓሪሱ መንገድ ከባድ ዳገትና ቁልቁለት እንደነበረበትም አትርሱ።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ዋግ ድርቅ የሚመላለስበት አገር ነው፤ የሰሜኑ ጦርነትም አልማረውም። በቂ ምግብ ያላገኘ፣ ደሙ ያነሰ ልጅ የመጀመሪያዎቹን ዙሮች እንደማንም ይሮጣል፤ ከዚያ እግሩ ይከብዳል። ከዳር ሆኖ የሚያይ «ጽናት የለውም» ይላል። ይህ ፍርድ ግፍ ነው፤ የብዙ ልጅ ዕድልም እዚህ ላይ ይቆረጣል።

ስለዚህ ለመልማዮችና ለአሰልጣኞች የምለው ይህን ነው፦ አንድ ጊዜ በአዝመራ ወቅት፣ አንድ ጊዜ ደግሞ በክረምት መግቢያ ኑ፤ ያንኑ ልጅ ሁለቴ እዩት። ደሙንም አስመርምሩለት። ከዝርዝሩ ከመሰረዛችሁ በፊት ደግሞ ጠዋት ምን በልቶ እንደመጣ ጠይቁት።