የስብ ፈሳሽ ለግላይፎሴት መመረዝ፦ የአንድ ሪፖርት ግምገማ

እ.ኤ.አ. በ2010 ከደቡብ ኮሪያ የወጣ የአንድ ሕመምተኛ ሪፖርት፣ ግላይፎሴት የተባለውን ፀረ አረም ጠጥቶ በተለመደው ሕክምና የደም ግፊቱ አልነሣ ያለ ሰው፣ የስብ ፈሳሽ በደም ሥሩ ከተሰጠው በኋላ መሻሻሉን ይገልጻል። ሪፖርቱ ማንበብ የሚገባው ነው፤ ቅሬታዬ ከእርሱ በሚወሰደው ትምህርት ላይ ነው።

በዚያው ዓመት ከስሪላንካ የወጣ ጥናት 601 ሕመምተኞችን ተከታትሎ 19 (3.2 በመቶ) መሞታቸውን አሳይቷል። አብዛኞቹ ያለ ስብ የሚድኑ ከሆነ፣ አንድ ሰው ስብ ተሰጥቶት መዳኑ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። እርግጥ ይህ አኃዝ ቀላል መመረዝ የደረሰባቸውንም ስለሚያካትት፣ ሾክ ውስጥ ለገባ ሕመምተኛ ትክክለኛ ማነጻጸሪያ አይደለም። ትክክለኛው ማነጻጸሪያ ሾክ ውስጥ ገብተው ስብ ያልተሰጣቸው ናቸው፤ እነርሱን የአንድ ሰው ሪፖርት ሊያሳየን አይችልም። እ.ኤ.አ. በ2013 ከኮሪያ የወጣው ንጽጽርም ተስፋ ሰጪ ቢሆንም በዕጣ የተመደበ ሙከራ አልነበረም።

ለእኛ ይበልጥ የሚያሳስበው ከስቡ በፊት ያለው ሕክምና ነው። ገበሬው ፀረ አረሙንም ፀረ ተባዩንም «መድኃኒት» ስለሚለው፣ «መድኃኒት ጠጣ» ሲባል እጃችን ወደ አትሮፒን ይሮጣል። ግላይፎሴት በውስጡ ፎስፎረስ ቢኖርም የኮሊንኢስተሬዝን ሥራ አያግድም፤ ስለዚህ አትሮፒንም ሆነ ፕራሊዶክሲም ማርከሻው አይደሉም። ልብንና የደም ዝውውርን በመጉዳት ይበልጥ የሚጠረጠረው ከግላይፎሴት ጋር የተቀላቀለው ሳሙና መሰል ንጥረ ነገር ነው። ጠርሙሱ እንዲመጣ መጠየቅ የሚገባውም ለዚህ ነው።

ማርከሻ ስለሌለ ሕክምናው ደጋፊ ነው። የአየር መተላለፊያው ከተጠበቀ በኋላ፣ በትውከትና በተቅማጥ የጠፋው ፈሳሽ ሳንባን እየተከታተሉ ይተካል። ግፊቱ ካልተነሣ ኖርአድሬናሊን፣ ከሌለም አድሬናሊን በጥንቃቄ በጠብታ ይሰጣል። የፖታሲየም መጨመርና የደም አሲድነት ልብን ሊያቆሙ ስለሚችሉ ኢሲጂ ወዲያው መነሣት አለበት፤ የፖታሲየም መጨመር በኢሲጂው ላይ ከታየ ካልሲየም ይሰጣል። ኩላሊት ከደከመ ዲያሊሲስ ወደሚገኝበት ሆስፒታል መላክ አይዘገይም፤ በስሪላንካው ጥናት ከሞቱት ግማሾቹ የሞቱት በ20 ሰዓት ውስጥ ነበር።

የስብ ፈሳሽ ያለው ሆስፒታል፣ ይህ ሁሉ ተደርጎ ግፊቱ ካልተመለሰ ቢሞክረው አልቃወምም። ስቡ የላቦራቶሪ ውጤትን ስለሚያዛባ ግን ደም አስቀድሞ ይቀዳ።