የባንኮ ዝምታ

«ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ» ይባላል። ሼክስፒር ግን ንጉሥ ከሷል፤ ለዚያውም በሐሰት። «ማክቤዝ» የተሰኘውን ተውኔት በእንግሊዝኛም ሆነ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ በመለሰው ያነበበ ሰው የሚያስታውሰው፣ በእንግድነት የመጣን ሽማግሌ ንጉሥ በተኛበት የገደለውን ከዳተኛ ነው። ታሪክ የሚያውቀው ማክቤዝ ሌላ ነው። ንጉሥ ደንከን ሽማግሌ አልነበረም፤ የሞተውም እ.ኤ.አ. በ1040 በጦርነት እንጂ በመኝታው አይደለም። ማክቤዝ 17 ዓመት ነግሦ በ1050 ሮም ድረስ ተሳልሟል። መንግሥቱ ያልጸናለት ንጉሥ ያን ያህል ሩቅ መንገድ እንዴት ይደፍራል?

የመኝታ ቤቱን ግድያ ሼክስፒር ያገኘው ከሆሊንሼድ ዜና መዋዕል ነው፤ እዚያ ግን የተገደለው ደፍ የሚባል ሌላ ንጉሥ ነበር። ደራሲ ታሪክን ማሸጋሸጉ አዲስ ነገር አይደለም። ይልቅ ጥያቄው «ለማን ብሎ?» የሚለው ነው።

በ1603 ንግሥት ኤልሳቤጥ ልጅ ሳይተኩ አረፉ። ዙፋናቸውን የወረሱት የስኮትላንዱ ንጉሥ ጄምስ ናቸው፤ እናታቸው ሜሪ በ1587 በዚያችው ኤልሳቤጥ ፊርማ አንገታቸው ተቀልቷል። ለዘመናት ሲዋጉ የኖሩት ሁለት አገሮች በአንድ ንጉሥ ሥር ዋሉ። ጄምስ ፍጹም ውሕደት ቢሹም የእንግሊዝ ፓርላማ አልተቀበላቸውም፤ ሁለቱ ፓርላማዎች አንድ የሆኑት በ1707 ነው። እኚሁ ንጉሥ በነገሡ በወራት ውስጥ የሼክስፒርን የተዋናዮች ቡድን በስማቸው አስጠሩት።

የጄምስ ዘር ስቱዋርት ሲሆን ከባንኮ እንወለዳለን ይሉ ነበር። በሆሊንሼድ መጽሐፍ ባንኮ የግድያው ተባባሪ ነው። የንጉሡን ቅድመ አያት በንጉሡ ፊት ነፍሰ ገዳይ ማድረግ ስለማይቻል፣ ሼክስፒር ባንኮን አጠበው፤ ደሙም ሁሉ ማክቤዝ ላይ ቀረ። የሚገርመው፣ ባንኮ የሚባል ሰው በሕይወት እንዳልነበረ የዛሬ የታሪክ ሊቃውንት መናገራቸው ነው።

ተውኔቱ የሚደክመውም ውዳሴው ጎልቶ በሚታይበት ስፍራ ነው። በአራተኛው ገቢር የእንግሊዝ ንጉሥ በእጁ ዳስሶ ሕሙማንን ይፈውሳል ተብሎ ሲወራ፣ እንዲሁም የባንኮ ዘር የሆኑ ስምንት ነገሥታት በሰልፍ ሲያልፉ፣ ድርጊቱ ቆሞ ቤተ መንግሥቱን እጅ የሚነሳ ይመስላል።

የሆነ ሆኖ ሼክስፒር ሎሌ ብቻ አልነበረም። የሦስተኛውን ገቢር መክፈቻ ልብ ብለን እናንብብ። ባንኮ ብቻውን ቆሞ ማክቤዝ ዙፋኑን ያገኘው በክፉ ሥራ ሳይሆን እንዳልቀረ ያስባል። ወዲያው ግን ጠንቋዮቹ ለእርሱም ልጆች ንግሥና መተንበያቸው ትዝ ይለውና ተስፋ ያደርጋል። ማክቤዝ ሲገባ ታማኝነቱን ይገልጻል፤ የጠረጠረውን ለማንም አይናገርም።

እንግዲህ የታጠበው ባንኮ ይህ ነው፤ አልገደለም፤ ነገር ግን ጠርጥሮ፣ ለልጆቹ ዙፋን ሲል ዝም አለ። ይህን ተውኔት እንደ ታሪክ መጽሐፍ የሚያነብ ሰው ማክቤዝን ይበድላል፤ እንደ ውዳሴ ብቻ የሚያነብም ሼክስፒርን ይበድላል። ጄምስ መድረኩ ላይ የአያታቸውን ንጽሕና አይተው ይሆናል። እኛ ግን ዝምታውንም እናያለን።